ክብ ይሁን ወይስ ሰቀላማ? ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የንጽጽር መመሪያ

የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ባለ ዶም ካቴድራል ያሳያል። ሌላው የአያቶቹን ደብር፣ ክቡን ያሳያል። ከውጭ የመጣው ወንድም «የራሳችን የሆነ፣ አፍሪካዊ መልክ ያለው ይሁን» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። በሁለተኛው ሳምንት መሐንዲሱ ሥዕል ይዞ ይመጣል፦ የአርማታ ሳጥን፣ ከላዩ ጎጆ የሚመስል ባርኔጣ።

እኔ በሁለት እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ውስጥ ነበርኩ። አንዱ አገር ቤት፣ አንዱ ውጭ። አገር ቤት ዶም አሠራን። አማረ። በሁለተኛው ክረምት ማፍሰስ ጀመረ። የሠሩት ባለሙያዎች ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ከሰፈሩ ሰው ደግሞ እዚያ ላይ የሚወጣ አልተገኘም። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ምንም አልተናገሩም። ዝም ብለው ባልዲ ደረደሩ።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ይሠራዋል?» ብዬ አይደለም። «ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል?» ብዬ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ፎቶ ከመምረጣችሁ በፊት አምስት ጥያቄ መልሱ።

አገልግሎቱ ምን ይፈልጋል? ቅኔ ማኅሌት (መዘምራን የሚቆሙበት የውጭው ክፍል)፣ ቅድስት (የሚቆረብበት መሐለኛው)፣ መቅደስ (ታቦቱ የሚያርፍበት የውስጡ)። ይሄ ለድርድር አይቀርብም። የቀረው ግን የመጠን ጉዳይ ነው። አገልጋዮቹ ትይዩ ቆመው በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ ስንት ሜትር ይበቃቸዋል? መሪጌታውን ጠይቁ፤ መሐንዲሱ አያውቀውም። ታቦቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ሲዞር ዙሪያው ደልዳላ ነው ወይስ ተዳፋት? እኔ ከግድግዳው እስከ አጥር ከአምስት ሜትር በታች እንዳታስቀሩ እላለሁ። በንግሥ ቀን ግፊያው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሕዝቡ የት ይቆማል? እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ሰው የሚያስቀድሰው ውጭ ነው፣ ዛፍ ሥር። ስለዚህ የጽዱና የወይራው ጥላ የሕንፃው አካል ነው። መሬት ለመደልደል ተብሎ ትልቅ ዛፍ የሚቆረጥበት ዲዛይን ከመነሻው ተበላሽቷል።

ጠጋኙ ማን ነው? ይሄን ብያለሁ፤ ወደ ፊትም እደጋግመዋለሁ።

ቅርሱ የት ያድራል? ብራና እርጥበትና አይጥ ይጠላል። ሥዕል የሚያፈስ ጣሪያ ይጠላል። የብር መስቀል ደግሞ ሌባ ይወደዋል።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? በአንዴ ነው ወይስ በስእለትና በዐሥራት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት? አንዳንድ ሕንፃ ቆም ብሎ ገንዘብ ይጠብቃል። አንዳንዱ ሲጠብቅ ይበሰብሳል።

ስለ «አፍሪካዊ» መልክም አንድ ነገር ልበል። ማሊ ውስጥ ጄኔ የሚባል ከተማ አለ። ትልቁ የጭቃ መስጊዱ አሁን ባለው መልክ የተሠራው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ከግድግዳው የወጡ የእንጨት እሾሆች አሉት። ያምራሉ። ግን በየዓመቱ የከተማው ሰው በደቦ ሲለስነው የሚረግጣቸው መወጣጫም ናቸው። ጥገናው ሕንፃው ውስጥ አብሮ ተነድፏል ማለት ነው። ለእኔ አፍሪካዊ አሠራር ይሄ ነው። ባርኔጣው አይደለም። የእኛም ያው ነው፦ ደጀ ሰላም፣ ቅጥር፣ ዛፍ፣ ከዚያ ክብ በክብ ወደ ውስጥ እየጠበበ መሄድ። ቅጥር ግቢውን ካበላሻችሁ ጣሪያ ላይ የምትሰቅሉት ምንም አያድነውም።

ክብ፣ በጭቃና በሣር

የወይራ ወይም የጽድ ምሰሶ፣ ማገር፣ ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ፣ ከላይ የሣር ክዳን። ቀን ቀዝቃዛ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቅዳሴው ይሰማል። ገንዘቡም ከሰፈሩ አይወጣም። ጠጋኙ ራሱ ሕዝቡ ነው፤ ጭቃ መምረግ የማያውቅ ገበሬ የለም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ሣሩ። ድሮ ሰንበሌጥ የሚታጨድበት ሜዳ ዛሬ ታርሷል። ክዳን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አልቀዋል፤ በየቦታው አንድ ሁለት ቢገኙ ነው። ሁለተኛው እሳት። ኡጋንዳ ውስጥ ካሱቢ የሚገኘው የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር ግዙፍ የሣር ቤት ነበር፣ የዓለም ቅርስ። በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። መልሶ ለመሥራት ዓመታት ፈጀ። እኛ ደግሞ ጧፍ፣ ጥና እና ከግንድ ላይ የተቀጠለ የመብራት ሽቦ ይዘን ነው ሣር ሥር የምንገባው።

ሣር ከመረጣችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ሽቦው በቱቦ ይሂድ። የውኃ ታንከር ከነቱቦው ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ብራና ግን አንድም ቀን እዚያ አይደር።

ክብ ወይም ስምንት ማዕዘን፣ በድንጋይ

ብዙዎቻችን «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ይሄ ነው። እንጦጦ ማርያም ስምንት ማዕዘን ናት። አዲስ አበባ አራዳ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስም እንዲሁ። ኢየሩሳሌም ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ክብ ሆና በድንጋይና በዶም የተሠራች ናት፤ በአፄ ዮሐንስ ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን አልቃለች። ክብነት ከሣር ጋር የተጋባ እንዳይመስላችሁ።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ በስብሰባ ላይ ጭቅጭቅ ይቆርጣል። ሕንፃው ከጫፍ ጫፍ 20 ሜትር የሆነ ክብ ነው እንበል። ስፋቱ 314 ካሬ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ላይ 8 በ8 የሆነ መቅደስ ካስቀመጣችሁ 64 ካሬ ሄደ። ቅድስት በ15 ሜትር ክብ ቢከበብ 113 ካሬ ያህል ይይዛል። የቀረው የውጭው ቀለበት 137 ካሬ ገደማ ነው፤ ወርዱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ። የግድግዳ ውፍረት ገና አልተቀነሰም። እዚያ ቀለበት ውስጥ ሆኖ በደቡብ በኩል የቆመ ሰው በምዕራብ የሚዘመረውን አያይም። ይሰማል እንጂ።

ያው ስፋት በሰቀላማ፣ ማለትም በረጅም አራት ማዕዘን ቢሆንስ? 14 በ22 ሜትር 308 ካሬ ነው። ከምሥራቅ 6 ሜትር ለመቅደስ ብትከፍሉ 84 ካሬ ይሄዳል። የቀረው 224 ካሬ ነው፣ በአንድ ዓይን የሚታይ። ስለዚህ «ብዙ ሰው ይግባ፣ ሁሉም ይይ» የምትሉ ከሆነ ክብ አይመቻችሁም። «ምሥጢሩ ይጠበቅ፣ ዑደቱ ይመር» የምትሉ ከሆነ ክብን የሚተካ የለም። የመቅደሱ አራት ግድግዳም ለሥዕል ይመቻል። ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል።

ስምንት ማዕዘን የግንበኛ ወዳጅ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ወራጁና ቆርቆሮው ያለ ብዙ ብክነት ይቆረጣል። እውነተኛ ክብ ግንብ ግን ረጋ ያለ እጅ ይፈልጋል።

የቆርቆሮ ዕድሜው ይረዝማል፣ ጥገናውን ሰው ይረሳዋል። ጩኸቱንና ሙቀቱን ግን ማን ይረሳል? ሐምሌ ላይ ካህኑ ቃል ሲሰጡ ሕዝቡ ከንፈራቸውን ያያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከሥር የእንጨት ኮርኒስ፣ በመሐል አየር የሚያልፍበት ክፍተት። በጀቱ ላይ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ በኋላ አይሠራም።

ሰቀላማ፣ በድንጋይና በእንጨት

ከሁሉም ጥንታዊው የእኛ መልክ ይሄ ነው። ደብረ ዳሞን አስቡ። ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን አስቡ፤ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት። እንጨቱ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ድንጋዩን እንደ መቀነት ያስረዋል። ወደ ውጭ የወጡት የእንጨት ራሶች፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት፣ የዚያው ማሰሪያ ጫፎች ናቸው። ዛሬ በሲሚንቶ የተቀረጸ የውሸት የዝንጀሮ ራስ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሳይ ይከፋኛል። ምንም አያስርም።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ሕዝብ ይይዛል። ወደ ምዕራብ ይራዘማል። ድንጋይ ጠራቢ ካላችሁ ገንዘብ ሲገኝ ረድፍ በረድፍ ይወጣል። ግንብ ክረምቱን ከላዩ ተሸፍኖ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ጉዳቱ እንጨቱ ነው። ጥሩ ጽድ ውድ ነው። የደብሩን ዛፍ ቆርጣችሁ የደብሩን ሕንፃ እንዳትሠሩ። አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ለስላሳ ድንጋይ ከሆነ ሲሚንቶ አትለስኑት። እርጥበቱን ውስጥ ይይዝና ድንጋዩ ይፈረፈራል። ኖራ ይሻለዋል፤ ግንቡ ይተነፍሳል።

የአፈር ብሎኬት

ይሄን የሚያነሳው ኮሚቴ ጥቂት ነው። «በአፈር ቤት? እንደገና?» ይባላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የተናቀው ጥሩ አማራጭ ነው።

ፍራንሲስ ኬሬ የቡርኪና ፋሶ ተወላጅ አርክቴክት ነው። ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ በ2001 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ሠራ። ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የተጨመቀ የአፈር ጡብ ተጠቀመ። ቆርቆሮውን ከጡቡ ኮርኒስ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ በመሐል ነፋስ ያልፋል። ሠራተኞቹ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ሽልማቱን ተዉት። ዋናው ነገር መንደሩ ጥገናውን እየሠራ ተማረው።

ለደብርም ይሆናል። ክብም ሰቀላማም ይሠራበታል። ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። ቀይ አፈር ይሁን፤ መረሬ ከሆነ አትሞክሩት፣ ሲርስ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እስከ ጉልበት ድረስ ከሥር ጥቁር ድንጋይ ይግባ። ክፈፉ ወደ ውጭ ቢያንስ አንድ ሜትር ይውጣ። አሸንዳ ይኑር። አፈር ጥሩ ጫማና ጥሩ ባርኔጣ ካገኘ ይኖራል። አፈሩን ሳታስመረምሩ ማሽን እንዳትከራዩ።

አርማታ፣ ባለ ዶም

አልንቀውም። ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ካለ ሌላ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል። ሰፊ አዳራሽ ያለ ምሰሶ ይሰጣል። ምድር ቤቱ ለሰንበት ትምህርት ቤት ይሆናል። መሐንዲስም፣ ግንበኛም በየትኛውም ከተማ ይገኛል።

ግን ገንዘብ በአንዴ ይፈልጋል። መንገድ ዳር ፌሮው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ዝጎ የቆመ ጅምር ቤተ ክርስቲያን ያላየ ማን አለ? ያ ፌሮ በየክረምቱ እየተበላ ነው። ከመሠረቱ በኋላ እስከ ጣሪያ የሚያደርስ ገንዘብ በእጃችሁ ከሌለ አትጀምሩ።

ዶሙን የግድ ካላችሁ ከተቋራጩ ጋር ሦስት ነገር በጽሑፍ ተፈራረሙ፦ ውኃ መከላከያው ምን እንደሆነና ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ ጠጋኝ የሚወጣበት ቋሚ መሰላል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ከውስጥ ምን እንደሚደረግ። አንድ ትልቅ ሞንታርቦ ከሚጮህ ትንንሾቹ ዙሪያውን በዝግታ ቢናገሩ ይሻላል። ጎረቤትም ይመርቃችኋል።

ከዓለት መፈልፈልስ?

ዛሬም የሚፈለፍሉ አባቶች አሉ። ለአንድ መናኝና ለዕድሜ ልክ ጸሎት ነው። ለደብር ኮሚቴ ግን አልመክርም። ዓለት አንዴ ከተፈለፈለ ስሕተቱ አይመለስም። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት እንኳ፣ የውኃ መውረጃ ቦያቸው በጥበብ ተሠርቶ፣ ዝናብ እየጎዳቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ከአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ ተሠራ። መጠለያው ራሱ ሌላ ሥጋት ሆነ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | ጥገና | ጠጋኙ | ሕዝብ መያዝ | ለቅርስ | በደረጃ ይሠራል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክብ፣ ጭቃና ሣር | ዝቅተኛ | በየጊዜው፣ ቀላል | ሕዝቡ | ትንሽ | አይሆንም | አያስፈልገውም |
| ክብ/ስምንት ማዕዘን፣ ድንጋይ | መካከለኛ | ጥቂት | የአካባቢ ግንበኛና አናጢ | መካከለኛ | ለሥዕል ጥሩ | አዎ |
| ሰቀላማ፣ ድንጋይና እንጨት | ከፍ ያለ | ጥቂት | ጠራቢና አናጢ | ብዙ | ጥሩ | አዎ |
| የአፈር ብሎኬት | ዝቅተኛ–መካከለኛ | ጥቂት፣ በየዓመቱ መታየት አለበት | የሠለጠነ የሰፈር ሰው | እንደ ቅርጹ | ከደረቀ ጥሩ | ጣሪያው ቶሎ ከደረሰ |
| አርማታ፣ ባለ ዶም | በጣም ከፍተኛ | ረጅም ዕረፍት፣ ከዚያ ከባድ | ከከተማ የሚመጣ | በጣም ብዙ | ካላፈሰሰ ጥሩ | አደገኛ |

ታዲያ ለማን የትኛው?

የገጠር ደብር ከሆናችሁ፣ አባወራው ጥቂት፣ ገንዘቡ በስእለት የሚመጣ ከሆነ፣ ስምንት ማዕዘን በድንጋይ ሥሩ። ድንጋይ ከሌለ የአፈር ብሎኬት። ቀሪውን ለኮርኒስና ለአሸንዳ አውሉት።

የወረዳ ከተማ ከሆናችሁና ሕዝቡ በየዓመቱ የሚጨምር ከሆነ ሰቀላማ። ወደ ምዕራብ ባዶ ቦታ ተዉ፤ ልጆቻችሁ ያራዝሙታል።

ትልቅ ከተማ ከሆነ አርማታ። ግን ዶሙን አሳንሱ፣ ጥላውን አብዙ።

ግቢው ውስጥ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ካለስ? እባካችሁ አታፍርሱት። አዲሱን አጠገቡ ሥሩ። አሮጌውን ጠግናችሁ ለአገልግሎት አቆዩት። «ጠበበን» ተብሎ የፈረሰ ክብ ከነሥዕሉ ነው የሚሄደው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በሸራ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሲገነጥለው ይቀደዳል። ከዚያም ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካት ያስጠይቃል። ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ጎን ለጎን የቅርስ መሥሪያ ቤቱንም ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምትገዙት የተሠራ ሕንፃ ነው። የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ወይም መጋዘን። ከዋጋው በፊት ምሥራቁ ወዴት እንደሆነ በኮምፓስ እዩ። መቅደሱ ወደ ፓርኪንጉ በር የሚወድቅ ከሆነ ሙሉ ዕቅዱን ማዞር ሊኖርባችሁ ነው። ቀጥሎ ስንት ሰው እንዲይዝ እንደተፈቀደለት ጠይቁ። ከዚያ የጢስ መጠቆሚያውን። እኛ አልጠየቅንም። በመጀመሪያው እሑድ ዕጣኑ ሲጤስ ደወሉ ጮኸ፣ የእሳት አደጋ መኪና ሁለት መጣ። ዲያቆኑ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ገንዘባችሁን ለውስጡ አውሉት፦ ለመንበሩ፣ ለመጋረጃው፣ ለሥዕሉ፣ ለጫማ ማስቀመጫው። ጣሪያው ላይ የሣር ቆብ አትትከሉ።

ዕቃ ቤቱን ለብቻ

የትኛውንም ምረጡ፣ ዕቃ ቤቱና ለጎብኚ የሚታየው ቤተ መዘክር ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ ሕንፃ ይሁን። ጎብኚ ቅዳሴ አያቋርጥም። ቤተ ክርስቲያኑ ቢቃጠል ብራናው ይተርፋል።

ትንሽ ይሁን፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይኑረው። መስኮቱ ጠባብና ወደ ሰሜን የሚያይ ይሁን፤ በእኛ አገር ከዓመቱ በአብዛኛው ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ደቡብ ነው። መደርደሪያው ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል። በሩ ከጥበቃው ቤት የሚታይ ይሁን፣ ቁልፉ ሁለት ሆኖ በሁለት ሰው እጅ ይደር። እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ ይነሣ፣ ይመዝገብ፣ አንዱ ቅጂ ከደብሩ ውጭ ይቀመጥ።

ሥዕሉን ከማጽደቃችሁ በፊት ደግሞ አንድ ዝናብ የሚዘንብበት ቀን ምረጡና መሐንዲሱን ከቄሰ ገበዙ ጋር አሮጌውን ሕንፃ ዙር በሉት። ቄሰ ገበዙ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ ጎርፉ ከየት እንደሚገባ፣ ምሥጡ የቱን ምሰሶ እንደጀመረ በጣታቸው ያሳዩታል። ማስታወሻ መያዣ ይዞ ይሂድ። ጃንጥላም።